ቋጥኝ እንዴት ይወጣል? እንዴትስ ይወረዳል?

ከድሬዳዋ ከተማ በስተደቡብ ሁለት ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ገራድ ኤረር የሚባል ኮረብታ አለ። ከሥሩ የደቻቱ ወንዝ ይወርዳል። በኮረብታው አናት አጠገብ፣ ከወንዙ 140 ሜትር ያህል ከፍ ብሎ፣ አንድ የኖራ ድንጋይ ዋሻ ይገኛል። ተመራማሪዎች ፖርክ ኤፒክ ብለው ሰይመውታል። ቃሉ ፈረንሳይኛ ሲሆን ትርጉሙ ጃርት ማለት ነው።

ይህን ዋሻ እ.ኤ.አ. በ1929 ለምርምር ዓለም ያስታወቁት ሁለት ፈረንሳውያን ናቸው። አንዱ ቴያር ደ ሻርደን የሚባለው ቄስና የምድር ጥናት ሊቅ፣ ሌላው በቀይ ባሕር ንግዱ የታወቀው አንሪ ደ ሞንፍሬድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1933 ዋሻው ተቆፈረ፤ የሰው መንጋጋ አጥንት ስባሪም ተገኘ። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ አጋማሽ ዴዝሞንድ ክላርክ የተባለው ሊቅና ባልደረቦቹ እንደገና ቆፈሩ። ከዋሻው ወለል የወጣው፣ ተፈጭቶ ቀለም የሚሆነው ቀይ ድንጋይ ብቻ ሲመዘን ወደ 40 ኪሎ ግራም ሆኗል። ዕድሜውም ወደ 40,000 ዓመት ይገመታል። በግድግዳው ላይ ደግሞ የሰውና የእንስሳት ሥዕሎች አሉ።

እንግዲህ እናስበው። ያ ሁሉ ቀይ ድንጋይ በራሱ እግር አልወጣም። ሰው ነው ያወጣው። ውሃውም፣ ማገዶውም፣ የታደነውም ሥጋ ዳገቱን የወጣው በሰው ጀርባና በሰው እጅ ነው። የወጣው ሰው ደግሞ መልሶ ወርዷል። እኛ ለማስተማር የመጣን የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ዋሻውን ያየን ዕለት ስለ ሥዕሉ ብዙ ስንጫወት ቆይተን፣ አፋፉ ላይ ቆመን ቁልቁል ስናይ ጨዋታው ሁሉ «እንዴት ነው የምንወርደው?» ሆነ። ይህ ትምህርት የሚናገረውም ስለዚሁ ነው።

በከዚራ ጥላ ሥር ወይም በሳቢያን ጎዳና ላይ የሚሄድ ሰው «ቋጥኝ መውጣት ለእኔ ምን ያደርግልኛል?» ይል ይሆናል። ነገር ግን ከከተማዋ በደቡብ በኩል ወጣ ሲሉ ያለው ሁሉ ተራራና ገደል ነው። ፍየል የሚጠብቀው ልጅ፣ እንጨት የምትለቅመው እናት፣ ለኖራና ለግንብ ድንጋይ የሚፈልጠው ሠራተኛ ቋጥኝ ላይ የሚውሉ ሰዎች ናቸው። ፍየሏ ሣር አይታ ትወጣና ጠርዝ ላይ ትቆማለች። ልጁ ይከተላታል። ፍየሏ ዘላ ትወርዳለች፤ ልጁ እዚያው ይቀራል። ብዙ አደጋ እንዲህ ይጀምራል።

አንዳንዱ ደግሞ «ይኼ የፈረንጅ ጨዋታ ነው» ይላል። እርግጥ ዛሬ የዓለም ውድድር ሆኗል፤ እ.ኤ.አ. በ2021 በቶኪዮ በተደረገው ኦሊምፒክ ለመጀመሪያ ጊዜ ገብቷል። ጨዋታ መሆኑ አይከፋም። ይሁን እንጂ ሥራው ከጨዋታው ይቀድማል። በአውሮፓ ከአልፕስ ተራሮች ሁሉ የሚረዝመውን ሞን ብላንን እ.ኤ.አ. በ1786 መጀመሪያ የወጡት ሁለት ሰዎች ናቸው። አንዱ ሐኪም ነበር። ሁለተኛው ዣክ ባልማ ግን ከተራራው ላይ የሚያብረቀርቅ ድንጋይ እየለቀመ የሚሸጥና አውሬ የሚያድን የአገሬው ሰው ነበር። መንገዱን ያወቀው በእንጀራው ነው። የአገራችንን ምሳሌ ደግሞ ዝቅ ብለን እናመጣዋለን።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንግባ።

ሰው ሁለት እጅና ሁለት እግር አለው፤ ባንድነት አራት ይሆናሉ። ቋጥኝ ላይ ሲወጣም ሆነ ሲወርድ ከአራቱ ሦስቱ ምንጊዜም አለቱን እንደያዙ ይቆያሉ። የሚንቀሳቀሰው አንዱ ብቻ ነው። ያ አንዱ አዲስ ቦታ ይዞ ሳይረጋ ሌላው አይነሣም። ቀኝ እግር ሲነሣ ግራ እግርና ሁለቱ እጆች ይጠብቃሉ። ቀኝ እጅ ሲነሣ ግራ እጅና ሁለቱ እግሮች ይጠብቃሉ። ይህን ከማድቤት እናውቀዋለን። ድስት በሁለት ጉልቻ ላይ አይቆምም፤ በሦስት ግን ይቆማል። እንዲያውም እዚህ ላይ ሰው ከድስት ይሻላል። ድስት ከሦስቱ ጉልቻ አንዱ ከሸሸበት ወጡ ፈሰሰ፣ አለቀ። ሰው ግን አንዱ ቢከዳው በቀሩት ሁለት ተደግፎ አራተኛውን መልሶ መትከል ይችላል። ሦስት የምንይዘው ለዚህ ነው፤ አንዱ መያዣ የሚከዳበት ጊዜ አለና።

ድሬዳዋ እ.ኤ.አ. በ1902 ሐዲዱ ሲደርስ የተቆረቆረች የባቡር ከተማ ናት። በፉርጎ መሰላል ላይ ሲወጡና ሲወርዱ የኖሩ አባቶች ይህን ነገር ሳይነገራቸው ያውቁታል። ልዩነቱ ምንድን ነው? የፉርጎ መሰላል ብረት ነው፤ እርከኑም እኩል ነው። ቋጥኝ ግን እርከኑን እኛው ፈልገን እንድናገኘው ይጠብቃል።

ታዲያ እርከኑን ካገኘን በኋላ ክብደታችንን የሚሸከመው ማነው? እግር ነው። እጅ ሚዛን ይጠብቃል እንጂ አይሸከምም። ይህን ያልን እንደሆነ ሁሉም ሰው «እሺ» ይላል፤ ቋጥኙ ላይ ሲደርስ ግን በእጁ ይንጠለጠላል። ፍርሃት እጅን ያጠብቃል፤ የተፈጥሮ ነገር ነው። አንድ እሑድ ማለዳ የማታ ተማሪዎቻችንን ይዘን ከከተማው ዳር ወዳለ ዝቅተኛ ቋጥኝ ሄደን ነበር። ከፍታው ሁለት የሰው ቁመት አይሞላም። ከተማሪዎቹ መካከል በከፊራ ገበያ ኩንታል የሚሸከም ጎልማሳ ነበረ። ክንዱ እንደ ግንድ ነው። በክንዱ እየተሳበ ግማሽ ድረስ ወጣና ጣቶቹ ተከፈቱ፤ ከሥር ቆመን ስለ ነበር ደግፈን አወረድነው። ከእሱ በኋላ እንጨት እየለቀሙ ቤታቸውን የሚያስተዳድሩ አንዲት እናት ወጡ። ቀስ አሉ። አንድ እግር፣ ከዚያ ሌላው እግር። እጃቸው አለቱን የሚዳብስ እንጂ የሚጎትት አይመስልም። ላይ ደርሰው ሳይተነፍሱ ተመለሱ፤ ሲወርዱም ፊታቸውን ወደ አለቱ እንዳዞሩ ነበር።

«እናቴ፣ እንዲህ መውረድን ማን አስተማረዎት?» ብለን ጠየቅናቸው።

«እንጨቱ ነዋ፤» አሉ። «ጀርባዬ ላይ ሸክም አለ። ፊቴን ወደ ገደሉ ካዞርኩ ሸክሙ አለቱን እየገፋ ይጥለኛል። ፊቴን ወደ አለቱ ካዞርኩ ግን እሱም ከኋላዬ ዝም ይላል።»

ተሸካሚው ጎልማሳ ይህን ሲሰማ ሳቀና «እኔስ ኩንታሉን በጣቴ አንሥቼ አውቃለሁ እንዴ!» አለ። ነገሩ ገብቶታል። ኩንታል የሚነሣው በጭንና በባት ነው። የጭን ሥጋ ቀኑን ሙሉ ይሠራል፤ የጣትና የክንድ ሥጋ ግን ጥቂት ደቂቃ ከተንጠለጠለ ያልቃል። ሲያልቅ ደግሞ አያስጠነቅቅም።

እግርን ስናስቀምጥ ዓይናችን መርገጫው ላይ ይሁን። እግሩ እስኪያርፍ ድረስ ዓይንን አንንቀል። ጠባብ ጠርዝ ከሆነ በአውራ ጣት በኩል ያለውን የእግር ጫፍ እናሳርፍ። ጠርዝ የሌለው ጋደል ያለ ገጽ ከሆነ ደግሞ ተረከዝ ዝቅ ይበል፣ የውስጥ እግር በሰፊው አለቱን ይንካ። ሆዳችንን አለቱ ላይ አንለጥፍ። የፈራ ሰው አለቱን እንደ እናት ያቅፋል፤ ያን ጊዜ እግሩ ወደ ውጭ ይገፋና ይንሸራተታል። ቀጥ ብሎ የቆመ ሰው ክብደቱ ቀጥታ ወደ መርገጫው ስለሚወርድ እግሩ አለቱን ይነክሳል። ሽኮኮን ተመልከቷት። ለስላሳ የውስጥ እግሯ ርጥብ ስለሆነ ድንጋዩን ይይዝላታል። እኛ ያ የለንም፤ ስለዚህ ጫማችንን ማሰብ ይገባናል። ሸበጥ ለቋጥኝ አይሆንም። ወይ እግርን የሚይዝ ስስ ሶል ያለው ጫማ፣ ወይ ባዶ እግር ነው። በትግራይ ገርዓልታ ወደሚገኘው አቡነ የማታ ጉሕ ቤተ ክርስቲያን የሚወጡ ምእመናን ጫማቸውን አውልቀው ነው ገደሉን የሚወጡት፤ ሕፃን ያዘሉ እናቶች ሳይቀሩ። ሽርጥ የታጠቀ ሰው ከጉልበቱ በላይ ሰብስቦ ይታጠቅ፤ ረጅም ቀሚስም እንዲሁ ይሰብሰብ። ጨርቁን የረገጠ እግር መርገጫ አያገኝም።

መያዣን ደግሞ ሳይፈትኑ ማመን አይገባም። ገበያ ወጥታ ጀበና የምትገዛ ሴት በጣቷ ቆርቆር አድርጋ ድምፁን ታዳምጣለች አይደል? ቋጥኝም እንደዚያው ነው። በእጅ አንጓ ወይም በእግር ጫፍ መታ መታ አድርጉት። ድምፁ ደረቅና አጭር ከሆነ ከተራራው ጋር አንድ ነው። እንደ ከበሮ ካስተጋባ ወይም ከነቃነቀ ከኋላው ተለይቷል ማለት ነው። በድሬዳዋ ዙሪያ የሚገኘው የኖራ ድንጋይ ሲያዩት ጠንካራ ነው፤ ግን በስንጥቁ እየተከፈለ ይለቃል። አጠራጣሪ ድንጋይ የግድ መያዝ ካለበት ወደ ታች ይጫኑታል እንጂ ወደ ራስ አይስቡትም። ወደ ራስ የተሳበ ድንጋይ በደረት ላይ ይመጣል። እጅንም ወደማይታይ ጉድጓድ አታስገቡ፤ እባብና ጊንጥም ጥላ ይወዳሉ። መጀመሪያ በዘንግ ኮርኩሩ።

አሁን ወደ መውረድ መጣን። ከሁሉም የሚከብደው ይህ ነው፤ ምክንያቱም ቀላል ነው። ሰው ሲወጣ መያዣው ከዓይኑ ፊት ነው። ሲወርድ ግን መርገጫው ከሆዱ ሥር ተደብቋል። ያንኑ ቋጥኝ፣ ያንኑ እርከን፣ ሲወጣ ያየውን ሲወርድ አያየውም። ስለዚህ መውረድን ሳንለማመድ መውጣትን መለማመድ ልክ አይደለም። እኛ ስናስተምር የምናደርገው እንዲህ ነው። ተማሪው አንድ እርምጃ ይወጣል፤ በዚያው መርገጫ ይመለሳል። ቀጥሎ ሁለት ይወጣል፤ ሁለቱንም ይመለሳል። ከዚያ ሦስት። ወደ ኋላ ሊመልሰው ያልቻለውን እርምጃ አይጨምርም። አሰልቺ ነው፤ ወጣቶቹ ያጉረመርማሉ። ግን በዚህ መንገድ የሄደ ሰው ከሚመለስበት ቦታ አልፎ አያውቅም።

ሲወርዱ ፊት ወደ አለቱ ይሁን። እጆች ከትከሻ በላይ ተሰቅለው አይቅሩ፤ በደረትና በወገብ መካከል ያለውን መያዣ ፈልጉ፤ ያን ጊዜ ጉልበታችሁን አጥፋችሁ ዝቅ ማለት ትችላላችሁ። ከወገብ ትንሽ ወደ ጎን ዘወር ብላችሁ በእግራችሁ መካከል ወደ ታች እዩ። መርገጫውን አይታችሁ አንድ እግር አውርዱ፤ ሲረጋ ክብደታችሁን አሳልፉለት፤ ከዚያ ሌላውን። ጓደኛ ካለ ከታች ወደ ጎን ፈቀቅ ብሎ ይቁምና «ግራ እግርህን አንድ ስንዝር ዝቅ፣ ትንሽ ወደ ቀኝ፣ አዎ እዚያው» እያለ ይምራ። ከወራጁ ትክክል ሥር ግን አይቁም፤ ድንጋይ ቢለቅ የሚያርፈው እዚያ ነው። ድንጋይ የለቀቀበትም ሰው «ድንጋይ!» ብሎ ይጩኽ።

መሐል ላይ የተያዘ ሰውስ? መጀመሪያ ጉልበቱ እንደ ልብስ ሰፊ መኪና ይንቀጠቀጣል። ይህ የሚመጣው ለረጅም ጊዜ በእግር ጫፍ ከመቆምና ከፍርሃት ነው። መድኃኒቱ ተረከዝን ዝቅ ማድረግና ጉልበትን ቀጥ ማድረግ ነው፤ ክብደቱ ከሥጋ ወደ አጥንት ይሄዳል። ቀጥሎ መተንፈስ። ቀጥሎ መጣራት። መዝለል የለም። ከታች ያሉትም እየተንጠራሩ አይከተሉት፤ ሁለት የተያዘ ሰው ይሆናልና። ዞረው በቀላሉ መንገድ ከላይ ይምጡለት።

ከላይ ለመርዳት ገመድ ያስፈልጋል። ቃል የገባነውን የአገራችንን ምሳሌ የምናመጣውም እዚህ ላይ ነው። በትግራይ የሚገኘው የደብረ ዳሞ ገዳም፣ እንደሚተረከው በ6ኛው መቶ ዘመን በአቡነ አረጋዊ የተመሠረተ፣ በአምባ አናት ላይ ነው። መውጫው 15 ሜትር ያህል የሚሆን ቀጥ ያለ ገደል ነው፤ የሚወጡትም ወንዶች ብቻ ናቸው። ወጪው ከተገመደ ቆዳ የተሠራ ገመድ ይዞ እግሩን በአለቱ ላይ እየተከለ ይወጣል። ልብ በሉ፤ ለእንግዳ ሌላ ሁለተኛ ገመድ አለ። ያ በወገቡ ይታሰራል። ከላይ የተቀመጡት መነኩሴ እሱ ከፍ ባለ ቁጥር ገመዱን እየሳቡ ያጠብቁለታል። አንዱ ገመድ ለመውጫ፣ ሌላው ለጥበቃ ነው። ዛሬ በዓለም ያሉ ተራራ ወጪዎች በብዙ ገንዘብ መሣሪያ እየገዙ የሚሠሩት ይህንኑ የጥበቃ ሥራ ነው።

ለተያዘ ልጅ ገመድ ወርውሮ «ያዘው!» ማለት ግን አደገኛ ነው። የፈራ እጅ ገመድ አይይዝም። መታሰር አለበት፤ ለማሰርም አንድ ሰው ከላይ በቀላሉ በኩል ወደ እሱ መድረስ አለበት። ቋጠሮውን ለማስተማር ደግሞ እናንተ ቁጥር መጻፍ መቻላችሁ ይረዳናል፤ ቋጠሮው 8 ቁጥር ነው። ከገመዱ ጫፍ ሦስት ክንድ ያህል ተዉ። ጫፉን በረጅሙ ገመድ ላይ አሳልፋችሁ ቀለበት ሥሩ። ከዚያ ጫፉን በረጅሙ ገመድ ሥር አዙሩና ከላይ ወደ ቀለበቱ አስገቡት። ስትስቡት 8 ይሆናል። 8 ካልመሰለ ፍቱና ድገሙት። አሁን ጫፉን በልጁ ብብት ሥር አዙራችሁ ወደ 8ቱ መልሱት፤ የሄደበትን መንገድ ተከትሎ ጎን ለጎን ይመለስ። በመጨረሻ ሁለት መስመር ያለው 8 ይታያል። ጫፉ ከአንድ ስንዝር ያላነሰ ይትረፍ።

ከላይ የሚጠብቀው ሰው ይቀመጥ፤ እግሩን በማይነቃነቅ ድንጋይ ላይ ይትከል፤ ራሱም ከጠንካራ ግንድ ወይም ከትልቅ አለት ጋር ይታሰር። ገመዱን በወገቡ ዙሪያ ከኋላ ያሳልፍና በሁለት እጁ ይያዝ። ከወገቡ ዞሮ የመጣውን ጫፍ የያዘው እጅ ለአንድ አፍታ እንኳ አይለቅም። ልጁ በራሱ እግር ፊቱን ወደ አለቱ አዙሮ ይወርዳል፤ ገመዱ እንዳይወድቅ ይጠብቀዋል እንጂ እንደ ባልዲ አያወርደውም። በደረቱ ታስሮ የተንጠለጠለ ሰው በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ትንፋሹ ይቸገራል።

ገመዱስ ምን ዓይነት ነው? ተራራ ወጪዎች ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወዲህ የሚይዙት የናይሎን ገመድ ሲሆን፣ ሰው ሲወድቅ ጥቂት ስለሚለጠጥ ጉዳቱን ይቀንሳል። የአህያ ገመድ ወይም የቃጫ ገመድ አይለጠጥም፤ ፀሐይ የመታው የፕላስቲክ ገመድም በድንገት ይበጠሳል። በእነዚህ ላይ ማንም ሰው ለልምምድ አይንጠልጠል። ልምምዱ ዝቅ ባለ ቋጥኝ፣ ያለ ገመድ፣ ከሥር ሰው ቆሞ ይበቃል።

ጊዜውን በሚመለከት ብዙ አንልም። የድሬዳዋን ፀሐይ እናንተው ታውቋታላችሁ። አለቱ ሳይግል፣ መዳፍም ሳያልብ፣ ማለዳ ነው። ወደ ቋጥኙ ሲሄዱ በደረቁ ወንዝ አሸዋ ላይ መሄድ ይቀናል፤ በክረምት ግን ሰማዩ በከተማው ላይ ጠርቶ ሳለ ውሃው ከደጋው ሊመጣ ይችላል። በሐምሌ 1998 ዓ.ም. መጨረሻ ደቻቱ በሌሊት ሞልቶ ከ200 በላይ ሰዎች ሞተዋል። ከደጋው በኩል ደመና ከታየ ወንዙን ትታችሁ ዳር ዳሩን ሂዱ።

ፖርክ ኤፒክ ራሱ የመለማመጃ ቦታ አይደለም። ሥዕሎቹ በላብና በእጅ ቅባት ይጠፋሉ፤ ከወለሉ አንድ ድንጋይ ማንሣትም ተመራማሪው ገና ያላነበበውን ገጽ መቅደድ ነው። ለማየት ውጡ፤ አትንኩ።

መልመጃ

1. በቤታችሁ አጠገብ ባለ መሰላል ላይ አምስት እርከን ውጡና ፊታችሁን ወደ መሰላሉ አዙራችሁ ውረዱ። የሚንቀሳቀሰው የትኛው እንደሆነ እያንዳንዱን ጊዜ ጮክ ብላችሁ ተናገሩ።

2. ሰው አለቱን ሲያቅፍ እግሩ ለምን ይንሸራተታል? በሁለት ዓረፍተ ነገር ጻፉ።

3. ክንድ በሚያህል ሲባጎ 8 ቁጥር ቋጥሩ። ቋጠሮውን ለጎረቤታችሁ አሳዩና እሱም እንዲቋጥር አድርጉ።

4. በሠፈራችሁ ቋጥኝ ላይ የሚውሉ ሰዎች እነማን ናቸው? እንዴት እንደሚወርዱ ጠይቋቸውና የነገሯችሁን በደብተራችሁ ጻፉ።